ዳኛ ያጣ ክርክር፤ የፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ሕይወት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘመድ ለቅሶ አረርቲ ወርጄ ነበር። አረርቲ የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ከተማ ነች፤ አዲስ አበቤ ጤፍ ሲያማርጥ ስሙን የማይዘነጋው የምንጃር አገር መናገሻ ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን ማታ፣ ንፍሮው ዞሮ ቡናው ሲቀርብ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያልታሰበ ክርክር ተነሣ። የጀመረው ከአዲስ አበባ አብሮኝ የመጣው የታላቅ ወንድሜ ልጅ ነው። ወጣቱ ፋርማሲስት ነው፤ ማንበብ ይወዳል፣ ያነበበውንም በሆዱ አያሳድርም። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የታሪክ ስህተትና እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር አለ አለና አረፈው።

ማስረጃም ደረደረ። ማቴዎስ የዮሴፍን አባት ያዕቆብ ሲለው ሉቃስ ኤሊ ይለዋል። ይሁዳ በማቴዎስ ወንጌል ታንቆ ሲሞት በሐዋርያት ሥራ በግንባሩ ተደፍቶ ነው የሚሞተው። ዳዊት ሕዝቡን ሲያስቆጥር የእስራኤል ተዋጊ በመጽሐፈ ሳሙኤል 800 ሺህ፣ በዜና መዋዕል ግን አንድ ሚሊዮን 100 ሺህ ነው። ክርስቶስ የተወለደው በሄሮድስ ዘመን ከሆነ ደግሞ፣ ሉቃስ የጠቀሰው የቄሬኔዎስ የሕዝብ ቆጠራ የሮማውያን ታሪክ እንደሚያስረዳው ሄሮድስ ከሞተ ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ የተካሄደ ነው።

ድንኳኑ ታወከ። አንዱ ልጁ ጴንጤ ሆኗል አለ፣ ሌላው ሰልሟል አለ፣ ሦስተኛው ጭራሹን ፈጣሪ የለሽ አደረገው። ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱን እንኳ የነካ ግን አልነበረም። ከሁሉም ያሳዘነኝ የወንድሜ ሁኔታ ነው። አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ ከዚያች ማታ በኋላም ከልጁ ጋር ቃል አልተለዋወጠም።

ነገሩን ያበረዱት የአጥቢያው የኔታ ናቸው። ልጁን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት። ስለ ዮሴፍ ሁለት አባቶች ጥንታዊውን ፍቺ ነገሩት፤ ያዕቆብና ኤሊ ወንድማማች ናቸው፣ አንዱ ልጅ ሳይወልድ ሲሞት ሌላው እንደ ኦሪት ሕግ የሟቹን ሚስት አግብቶ ዘር ተካለት፣ ስለዚህ አንደኛው የሥጋ ሌላኛው የሕግ አባት ነው አሉት። ይህ ፍቺ በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኖረው ከዩልዮስ አፍሪቃኖስ ጀምሮ የታወቀ ነው። ስለ ሕዝብ ቆጠራው ሲደርሱ ግን ለጊዜው መልስ እንደሌላቸው ሳያፍሩ ተናገሩና ጠዋት ተመልሶ እንዲመጣ ቀጠሩት።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ትዝ ያለኝ ከአራት መቶ ዓመታት ግድም በፊት በተመሳሳይ ነገር ተወንጅሎ፣ ወደዚሁ ወደ እኛ ሸዋ አቅጣጫ ሲሸሽ ዋሻ ውስጥ የቀረ አንድ ሰው ነው። ዘርዓ ያዕቆብ።

በቅድሚያ ስም እናጥራ። የምናገርለት ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ አይደሉም። እኚያ ንጉሠ ነገሥት ሃይማኖትን በሥልጣናቸው ያጸኑ፣ ከመስመር ወጣ ያሉትንም የቀጡ ናቸው። ይኼኛው የድሃ ገበሬ ልጅ ነው። ሁለተኛም፣ የሕይወቱ ታሪክ የሚገኘው እሱ ጻፈው ከሚባለው ሐተታ ከተሰኘው የግዕዝ ድርሰት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምተርከውን አንባቢ መጽሐፉ እንደሚለው ብሎ ይያዝልኝ። በመጽሐፉ በራሱ ላይ የቀረበውን ክስ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ዘርዓ ያዕቆብ በአክሱም አካባቢ በ1592 ዓ.ም.፣ አፄ ያዕቆብ በነገሡ በሦስተኛው ዓመት ተወለደ። ሰው የሚጠራው ወርቄ እያለ ነበር። አባቱ ድሃ ቢሆንም ልጁን ትምህርት ቤት አስገባው። ልጁ ብሩህ ነበር፤ ድምፁ ግን ሻካራ ስለሆነ ለዜማ አልታደለም። ስለዚህ ወደ ሰዋስውና ቅኔ ዞሮ አራት ዓመት ተማረ። ከዚያም ዐሥር ዓመት ሙሉ የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማረ። በዚህ ጊዜ ያገሩን ሊቃውንት ትርጓሜ ብቻ ሳይሆን የፈረንጆቹንም አጠና። አንዱን መጽሐፍ ሁለቱ ወገኖች ለየቅል ሲፈቱት ማየቱ በልቡ ጥያቄ ጫረበት። ወደ አክሱም ተመልሶ አራት ዓመት ሲያስተምርም ተማሪዎቹን የሁለቱንም ወገን ንባብ እያስረዳ፣ እሱ ግን ለአንዱም ሳይፈርድ ያልፍ ነበር።

ጊዜው ግን አለመፍረድን የሚታገሥ አልነበረም። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። በ1626 ደግሞ ከሮም በተላከው በፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮማው ፓፓ ታማኝነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ጥምቀቱ፣ ክህነቱ፣ በዓሉና ጾሙ እንዲለወጥ ታዘዘ። አገሩ በየአቅጣጫው ዐመፀ፤ ደም ፈሰሰ። ሁለቱም ወገን አንዱን ወንጌል ይዞ ነበር የሚጋደለው።

በዚህ መሀል የንጉሡ ወዳጅ የሆነ ወልደ ዮሐንስ የሚባል የአክሱም ካህን ዘርዓ ያዕቆብን ከሰሰው። ክሱ ይህ ሰው ሕዝቡን በንጉሡ ላይ ያነሣሣል፣ ፈረንጆቹንም ሊያስባርር ይዶልታል የሚል ነበር። የሕግ ሰው ልብ የሚለው ነገር እዚህ ላይ አለ። ሰውዬው በማስተማሩ የጀመረው ነገር በፖለቲካ ክስ ተደመደመ። ጥያቄ ወደ ወንጀል የሚለወጠው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው፤ ጥያቄው መልስ ሲያጣ ጠያቂው ፋይል ይከፈትበታል።

ዘርዓ ያዕቆብ በሌሊት ሸሸ። የያዘው ሦስት ወቄት ወርቅና አንድ መዝሙረ ዳዊት ብቻ ነበር። ወደ ሸዋ ሲያመራ በተከዜ በኩል ሰው የማይኖርበት ጥልቅ ሸለቆ አገኘና ከግርጌው ዋሻ ውስጥ ገባ። እዚያም ሁለት ዓመት ቆየ። ቀን ቀን ይጸልያል፣ ያስባል፤ ዳዊቱን ይደግማል። ዋሻውን በጣም ከመውደዱ የተነሣ በዚያ ጸጥታ ያገኘው እውቀት በትምህርት ቤት ካገኘው እንደሚበልጥ ቆጠረ።

ምን አሰበ? የመጀመሪያው ጥያቄው ፈጣሪ አለ ወይ የሚል ነበር። በራሱ መኖር ተነሥቶ፣ ወላጆቹን ማን ፈጠራቸው፣ የእነሱንስ ወላጆች እያለ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ያልተፈጠረ ፈጣሪ መኖር አለበት ከሚል ድምዳሜ ደረሰ። ቀጥሎ በቅዱሳት መጻሕፍት የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ወደ ሊቃውንት ሄጄ ብጠይቅ ምን ይሉኛል ብሎም አሰበ። እያንዳንዱ የሚመልስለት በገዛ ልቡ ያለውን ነው። ፈረንጁ የእኔ ሃይማኖት የቀና ነው ይላል፤ የግብፁም እንዲሁ፤ እስላሙም አይሁዱም እንዲሁ። ታዲያ በመካከላቸው ማን ይፈርዳል? ሰው ሁሉ ከሳሽም ተከሳሽም ሆኖ ከቆመ ዳኛ ከየት ይመጣል?

ሕግ ከተማርኩ ወዲህ ስለ ክርክር የተጻፈ ብዙ አንብቤአለሁ። በራስ ጉዳይ ላይ ዳኛ መሆን እንደማይቻል የሚያስተምረውን መርህ እንዲህ ሰፋ አድርጎ በሃይማኖት ላይ ያዋለው ሰው ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ዘርዓ ያዕቆብ ዳኛ አደርገዋለሁ ያለው ፈጣሪ ለሰው ሁሉ እኩል የሰጠውን የልቡና ብርሃን ነው። ሰዎች ግን መመርመር አድካሚ ስለሆነ ይሸሹታል፣ ከአባቶቻቸው የሰሙትንም ሳያበጥሩ ይቀበላሉ ሲል አዘነ።

በዚህ መመዘኛ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ሰፈረ። ከዐሠርቱ ትእዛዛት ሰንበትን ከማክበር በቀር ሌላው ሁሉ ከልቡና ጋር ይስማማል አለ። አትግደል፣ አትስረቅ የሚለውን ማንም ሰው ልቡን ቢጠይቅ ያገኘዋል፤ የትኛው ቀን እንደሚከበር ግን ልቡና አይነግርም። የወር አበባ ያየችን ሴት ርኩስ የሚለውን የኦሪት ሕግ አልተቀበለም፤ ሰው የሚወለድበትን ሥርዓት የሠራ ፈጣሪ ያንኑ ሥርዓት አያረክሰውም ብሎ። ምንኩስናን ከጋብቻ የሚያስበልጠውን ትምህርትም፣ በእስልምና በኩል ብዙ ሚስት ማግባትንና ሰውን እንደ ዕቃ መሸጥን የሚፈቅደውንም በአንድ ሚዛን ነቀፈ። ማንንም አላስቀረም፤ ለማንም አላዳላም።

ልብ በሉ፤ የወንድሜ ልጅ ያነሣቸውን የስምና የቁጥር ግጭቶች ዘርዓ ያዕቆብ የሙግቱ ዋና ነጥብ አላደረጋቸውም። የእሱ ጥያቄ ቁጥሩ ትክክል ነው ወይ ሳይሆን ትእዛዙ ፍትሐዊ ነው ወይ የሚል ነበር። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ክርክራችን የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ እነሱን ስለምናደባልቅ ነው።

አፄ ሱስንዮስ ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው፣ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ በዚያው ዓመትም ሞቱ። ዘርዓ ያዕቆብም ከዋሻው ወጣ። እየተዘዋወረ ከጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ምሥራቅ ከሚገኘው እንፍራዝ ደረሰ። እዚያ ሀብቱ የሚባል ባለጠጋ አገኘ። ባለጠጋው መዝሙረ ዳዊት እንዲጽፍለት ቀጠረው፤ ኋላም ልጆቹን እንዲያስተምርለት ቤቱ አኖረው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። መጽሐፉን የመረመረው ሰው እንጀራውን የበላው ያንኑ መጽሐፍ በብራና ላይ በመገልበጥ ነው። ግዕዝ ቁጥር ያየ ሁሉ ፮ እና ፯ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ያውቃል። ድካም፣ የደበዘዘ ቀለም፣ የተሸራረፈ ብራና አንዱን ቁጥር ሌላ ሊያደርገው ይችላል። ዘርዓ ያዕቆብ ስለ ቁጥር ልዩነት ብዙ ያልተጨነቀው የጸሐፊ እጅ እንደሚስት ከማንም በላይ ስለሚያውቅ ይሆን እያልኩ እገምታለሁ።

በሀብቱ ቤት ሂሩት የምትባል አገልጋይ ነበረች። መልከ መልካም አይደለችም፤ ግን ብልህ፣ ትዕግሥተኛና ደግ ነች። ሊያገባት ፈለገ። ጌታዋ ከእንግዲህ የአንተ አገልጋይ ትሁን ሲለው አይሆንም አለ፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ሚስቴ እንጂ ገረዴ አትሆንም ብሎ። ወንድ ልጅም ወለዱ። ስለ ሰው እኩልነት በዋሻ ያሰበውን ቤቱ ውስጥ ፈተነው ማለት ነው። ለእኔ ከፍልስፍናው ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

ነገር ግን ሌላም ጎን አለው። በእንፍራዝ ሲኖር ሰው ሁሉ እንደ ማንኛውም ክርስቲያን ነበር የሚያውቀው። በልቡ ያለውን ለጎረቤት አልገለጠም፤ በምርመራ ያገኘውን ለብቻው ያዘ። ከሀብቱ ልጆች አንዱ የሆነው ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ሲለምነው ግን በ1660 ዓ.ም.፣ በ68 ዓመቱ ሐተታውን ጻፈለት። በ93 ዓመቱም አረፈ። ወልደ ሕይወት በበኩሉ ሌላ ሐተታ ጻፈ፤ የመምህሩንም ዕድሜና መጨረሻ የምናውቀው በእሱ በኩል ነው።

በዚያው ሰሞን በወዲያኛው ዓለም ምን ይደረግ ነበር? የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር እ.ኤ.አ. በ1650 ባሳተመው መጽሐፍ የመጽሐፍ ቅዱስን ዘመናት ደምሮ ዓለም የተፈጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ነው አለ። የእኛ ባሕረ ሐሳብ ደግሞ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ይቆጥራል። የ1500 ዓመት ልዩነት የመጣው በአብዛኛው አሸር የዕብራይስጡን፣ የእኛ ቆጠራ ግን የግሪኩን ትርጉም ዘመናት ከመከተላቸው ነው። እንግዲህ ሊቃውንቱ በየዓመቱ መግቢያ የበዓላቱን ቀን የሚያወጡበት ስሌት ራሱ በጽሑፎች መካከል ካለ ልዩነት የአንዱን ወገን ይዞ የቆመ ነው። በሆላንድም ከአይሁድ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1656 የተወገዘው ስፒኖዛ፣ አምስቱን የኦሪት መጻሕፍት እንዳሉ ሙሴ አልጻፋቸውም ብሎ የተከራከረበትን መጽሐፍ በ1670 ስሙን ደብቆ አሳተመ። እንፍራዝም አምስተርዳምም መጠየቅ መደበቅን ያስከትል ነበር።

አሁን ወደ ቀጠርኩት ክስ ልመለስ። የሐተታው ቅጂ ወደ ዓለም የወጣው በአንድ ሰው እጅ ነው። ጣሊያናዊው የካፑቺን መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በበጌምድር ሳለ አገኘሁት ብሎ በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ለፈረንሳዊው አጥኚ ለአንቷን ዳባዲ ላከለት። ዛሬም ፓሪስ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1904 ኤኖ ሊትማን አሳተመው። በ1920 ግን ታዋቂው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉ የመነኩሴው የራሱ ፈጠራ ነው ብለው ተነሡ። ማስረጃቸው ሐሳቡ የአውሮፓን የዘመኑን ፍልስፍና ይመስላል፣ የመነኩሴው የልጅነት ስም ያኮፖ፣ ማለትም ያዕቆብ ነበር፣ ድርሰቱን ራሱ መነኩሴው እንደጻፈው የሰሙ ሰዎችም አሉ የሚል ነው። ጀርመናዊው ሚትቮኽም በ1934 ይህንኑ አጠናከሩ።

በሌላ በኩል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ዶክተር ክላውድ ሰምነር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው ጥራዞች መጽሐፉ ኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተሟገቱ። ሰምነር ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ። ዘርዓ ያዕቆብን ለስደት የዳረገው ዘመን የኢየሱሳውያን ዘመን መሆኑን ስናስታውስ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ጠበቃ ሆኖ የቆመለት ከዚያው ማኅበር የወጣ ሰው መሆኑ ያስገርማል። ታላቁ የግዕዝ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም መጀመሪያ ሲጠራጠሩ ቆይተው በኋለኛው ዘመናቸው መጽሐፉ እውነተኛ ኢትዮጵያዊ መሠረት አለው ወደሚለው አዘነበሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ኦክስፎርድ ላይ በዚሁ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሂዷል፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

አስተውሉ እንግዲህ። ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ በማን እጅ ደረሰን፣ ቅጂዎቹ ይስማማሉ ወይ የሚለው ጥያቄ በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሲነሣ ደስ የሚለው ዘመነኛ ሰው፣ ያው ጥያቄ በዘርዓ ያዕቆብ ላይ ሲነሣ ይቆጣል፤ ኢትዮጵያዊ ፈላስፋችንን ሊቀሙን ነው ይላል። መጽሐፍ ቅዱስ አይነካብኝ የሚለውም ሐተታው የነጭ ፈጠራ ነው ሲባል ያጨበጭባል። ሁለቱም ሚዛኑን የሚያነሡት የሌላውን እህል ለመመዘን ብቻ ነው። እኔ ራሴ ከዚህ ነጻ አይደለሁም። ስለ ሂሩት ያለውን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ሰውየው በእውነት ኖሮ ቢሆን ብዬ እመኛለሁ፤ ምኞት ግን ማስረጃ አይሆንም።

በፍርድ ቤት ልማድ ሁለት ምስክሮች በጥቃቅን ነገር ቢለያዩ ቃላቸው እንዳለ አይጣልም። እንዲያውም ቃል በቃል አንድ ዓይነት የሚናገሩ ምስክሮች ተመካክረው እንዳይሆን ያጠራጥራሉ። በክሱ ፍሬ ነገር ላይ ከተቃረኑ ግን ዝም ተብሎ አይታለፍም። ስለዚህ በመጽሐፍ ውስጥ ልዩነት አለ የሚለው ልዩነቱ ምን ላይ እንደሆነ፣ ፍሬ ነገሩንስ ይነካ እንደሆነ ማስረዳት አለበት። ልዩነት የለም የሚለውም ዐይኑን መጨፈን ሳይሆን ገጹን ገልጦ ማሳየት አለበት። የእኛው የአንድምታ መምህራን አንዱን ቃል አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ እያሉ ሲፈቱ የኖሩት ንባቡ ጥያቄ እንደሚያስነሣ ስለሚያውቁ ነው። ጥያቄን መፍራት የአባቶች ትምህርት አይመስለኝም፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ማለትን ያስተማሩንም እነሱው ናቸው።

የወንድሜ ልጅ በማግሥቱ ጠዋት የኔታ ዘንድ ሄደ። ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀመጡ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩትም፤ ሲመለስ ግን በእጁ የተዋሰው መጽሐፍ ነበረ። ወንድሜ አሁንም አልተናገረውም። ልንሄድ ስንል ብቻ ለልጁ ያዘጋጀውን የጤፍ ከረጢት ራሱ ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫነለት።

ዘርዓ ያዕቆብ በእንፍራዝ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሮ ጥያቄውን በግልጽ የጻፈው አንድ ተማሪ ለምኖት ነው። ያ ተማሪ ባይጠይቀው ኖሮ ሐተታው ከሰውየው ጋር በተቀበረ ነበር። በየቤታችን፣ በየድንኳናችን የሚነሣ ልጅ ሲጠይቅ መጀመሪያ ምን ሆነሃል ከማለት ይልቅ ምን አልክ ብንለው ምን ይጎዳናል? መልሱን ባናውቀው እንኳ እንደ አረርቲው የኔታ ጠዋት ተመለስ ማለት ይቻላል።

ቸር ይግጠመን።